ቀዩ ማዕዘን

ሰላሳ አንድ ዓመት ከቶርኖ ፊት ቆሜ፣
በምድር ባቡሩ ብረት ስፍቅ ከርሜ፣
«የሱ ጠርዝ ምላጭ ነው» ተብሎልኝ ነበር፤
ዘጠና ዲግሪዬ ሳይዛነፍ በፀጉር።

ጡረታ ወጣሁና፣ ሳቢያን፣ ቆርቆሮ ቤት፣
አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ሙቀቱ ሳይበረታበት፣
ተማሪዎች መጡ መኪና እየገፉ፤
ለእሽቅድምድም ነው አሉ፣ ሞተሩ የባጃጅ፣ ጎማው ከነእድፉ፣
ፊቱ የአንበጣ።
እጄን በላኝና ክንዱን ቆረጥኩላቸው፣
የፊት ጎማውን ክንድ፣ ብራቾ የምንለው፤
መልካ ጀብዱ መንገድ፣ መጀመሪያው ኩርባ፣ ለሁለት ከፈለው።

«አወፍሩት» አልኩኝ፤ «ብረት በሞላበት አገር!»
ኢፍቱ ዝም አለች። ጥፍሯ ላይ ሂና፣ ጉንጯ ላይ ግራሶ፤
ላፕቶፗ ተከፍቶ፣ የቶርኖዬን ወገብ እንደ ልጅ ተንተርሶ፣
ያንኑ ክንድ ሣለው፣ በእኔው ልክ፣ ጭረቱ ሳይቀር።

ከዚያ ቆራረሰችው፤ እልፍ ሦስት ማዕዘን፣ ዓሣ የሌለው መረብ፤
እያንዳንዷን ቁራሽ ትጠይቃታለች፣ እንደ ቆጠራ ሠራተኛ በየበሩ፤
«አንቺስ ስንት ቻልሽ? ጎረቤትሽስ ምን አቀበለሽ?»
መልሱ በቀለም ነው።
ሰማያዊው ተኝቷል፤ ደሞዝ የሚበላ፣ ሥራ የማያውቅ ብረት፤
አረንጓዴው ይሠራል፤ ቢጫው አልቦታል፤
ጥጉ ላይ ግን፣ ክንዱ ከአንገቱ በሚገጥምበት፣
እኔ በኮራሁበት፣ በዚያ ምላጭ ማዕዘን፣
ቀይ።
የምስር ፍሬ ብታክል ነው።

«ጋሼ፣ ውጥረት» አለች፣ «እንደ ደቻቱ ጎርፍ ነው፤ ሰፊው ላይ ዝም ይላል፣
ድንገት ሲጠብበት፣ ድንገት ሲታጠፍ ግን ግድግዳ ይነቅላል።
ጥጉን ያድቦልቡሉልኝ፣ አምስት ሚሊ። ከተኛውም ሆድ ሦስት ቀዳዳ ያውጡ።»
«ብረት ቀንሰሽ ብረት ልታበረቺ?»
ሳቅሁ፤ ቀለሞቹ ግን አፈጠጡ።

ማታ፣ ነፋሱ ሲበርድ፣ በሊማ አድቦለቦልኩት፤
እጄ እምቢ እያለኝ፣ የገዛ ስሜን የምፍቅ እየመሰለኝ።
ሚዛን ላይ ሳወጣው ሩቡ ጎድሏል።

እሑድ ሮብሌ ነዳው፤ ያንን ኩርባ አሥራ ሁለት ጊዜ፣
አቧራው የግራር ጫፍ እስኪደርስ።
ክንዱ ቻለ። ልጆቹ ጮኹ። ኢፍቱ ከነግራሶዋ አቀፈችኝ።
እኔ ግን ዋይስ ነበር የሚታየኝ።

ዋይስ ተለማማጄ፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፤
የመጭመቂያው ክንድ፣ እኔው የቆረጥኩት፣
ጥጉ ላይ ተበጥሶ ሁለት ጣት ወሰደበት።
እኔም መዝገቡ ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ፣ «ከልክ በላይ ጫነ፤
ጥፋቱ የራሱ» ብዬ ፈረምኩበት። ልጁ ተሰናበተ፣ ነገሩ ተከደነ።

ሰኞ ታይዋን ገበያ ሄድኩ፣ ሰዓት ከሚጠግንበት ጥላ ሥር።
ሁለቱን ክንዶች፣ የተሰበረውንና የቻለውን፣
ከጥቃቅን ጥርሶቹና ከምንጮቹ መሐል ዘረጋሁ።
«እዚህ ላይ» አልኩት፣ «ጣትህን አስኪዳት።»
በቀሩት በሦስቱ ሄደ፤ ሹሉ ላይ ቆመ፤
ድቡልቡሉ ላይ ሳይቆም አለፈ።
ተመልሶ ሹሉን ነካ።

«ያኔ ታውቅ ነበር?»
«አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁምም።»

ግድግዳው ላይ ሰዓቶቹ፣ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት፣ ይመታሉ።
አንዱን አወረደ፤ ነፋ አደረገበት፤ መልሶ ሰቀለው።
ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር
ዱካውን በእግሩ ገፋልኝ።